የአዛውንት ልብ፣ የቤተሰብ ኪስ

«እኔ እንግዲህ ኖሬያለሁ፤ ገንዘቡን ለልጆቹ አድርጉት።» ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት ወይም እናት የልብ ሕክምና ዋጋ ሲነገራቸው ብዙ ጊዜ የሚመልሱት ይህንን ነው። ልጆች ያለቅሳሉ፣ ይለምናሉ። ጎረቤት ለልጅ አሳቢነታቸውን ያደንቃል። እኔ ግን ይህን መልስ እንደ ፈቃድ መቁጠር ይከብደኛል። እኚህ ሰው የተጠየቁት መዳን ይፈልጉ እንደሆነ አይደለም፤ እሳቸው እንዲድኑ ቤት ይሸጥ እንደሆነ፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ይቋረጥ እንደሆነ ነው። ዕድሜ ልኩን ለልጆቹ ሲያጎርስ የኖረ ሰው በመጨረሻ ከአፋቸው ንጠቁልኝ አይልም።

ጥያቄው በዋጋ ስለሚጀመር መልሱም በዋጋ ያልቃል። ሕመሙ የትኛው እንደሆነ፣ ሕክምናው ለእኚህ ሰው ስንት ዓመትና ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚሰጥ ሳይጣራ ውሳኔው ተወስኖ ያድራል። ይባስ ብሎ በእኛ ባህል ክፉ ሕመም ለታማሚው አይነገርም። ሐኪሙ ልጆቹን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ያስረዳቸዋል፤ እነሱም «አባዬ፣ ትንሽ ድካም ነው ብለዋል» ብለው ይመለሳሉ። ገንዘቡ ግን አይደበቅም። የስልኩ ጥሪ፣ የዘመዱ መሰብሰብ፣ የካርታው ከሳጥን መውጣት ሁሉንም ይናገራል። ስለዚህ ብዙ አዛውንት ሕመማቸውን ሳያውቁ ዋጋውን ያውቃሉ፤ በማያውቁት ነገር ላይም «ይቅርብኝ» ይላሉ።

ይህ ጉዳይ ወደ ብዙ ቤት የገባው በቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በኢትዮጵያ ሲወለዱ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ 47 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ሆኗል። የለውጡ ትልቁ ድርሻ የሕፃናት ሞት መቀነስ ነው፤ ሆኖም ሰባና ሰማንያ የሚደርሱ ሰዎችም አብረው በዝተዋል። የጤና ሥርዓታችን ደግሞ ጉልበቱን ያዋለው በእናቶችና በሕፃናት፣ በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳና በኤች አይ ቪ ላይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነበር። በልብ በኩልም ሁላችንም በስም የምናውቀው ተቋም የሕፃናቱ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የሕፃናት ልብ መርጃ ማኅበር ከብዙ ዓመት ልመናና ጥረት በኋላ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉን ከፍቶ፣ በጉሮሮ ሕመም ሰበብ ቫልቫቸው የተበላሸ ልጆችን ሲታደግ ኖሯል። የአዛውንቱ ልብ ግን እንዲህ ያለ ስምና ደጋፊ የለውም።

ቤተሰብ «ልባቸውን አሟቸዋል» ሲባል አንድ ነገር ብቻ ይሰማል። በዚያ ስም ሥር ግን በአያያዝም በወጪም የማይገናኙ በሽታዎች አሉ። ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ልብን አድክሞት እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። የልብን ጡንቻ የሚመግቡት የደም ሥሮች ይጠባሉ። ከልብ ወደ ሰውነት ደም የሚወጣበት በር፣ ማለትም ቫልቩ፣ ካልሲየም ተጋግሮበት መከፈት ያቅተዋል። ወይም ደግሞ ጡንቻውም በሩም ደህና ሆኖ፣ ልብን የሚያዘው የኤሌክትሪክ መስመር ይቋረጣል። የመጀመሪያው በአብዛኛው በኪኒን ይያዛል። የመጨረሻው በአንዲት ትንሽ መሣሪያ ይስተካከላል። ሁሉንም በአንድነት «የማይቻል» ብሎ መዝጋት ሊድን የሚችለውን ሰው አብሮ መቅበር ነው።

በመስመሩ መቋረጥ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ እሱ ነውና። ደህና ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሳው ትእዛዝ ወደ ታችኛው መድረስ ሲያቅተው ምቱ ወደ 40፣ ወደ 30 ይወርዳል። ሰውየው ከተቀመጠበት ሲነሳ ዓይኑ ይጨልማል፤ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ሲሄድ መንገድ ላይ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ቤተሰቡ ደም ማነስ ነው ይላል፣ ስኳር ነው ይላል፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ይደብቃል። እጅ ይዞ የልብ ምት የሚቆጥር ሰውና በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ የኢሲጂ ምርመራ ግን በሽታውን ወዲያው ያጋልጡታል። መፍትሔውም ፔስሜከር ነው። ቦታው ብቻ ደንዝዞ፣ ከአንገት አጥንት በታች ቆዳ ሥር የምትቀመጥ መሣሪያ ናት። ሥራው ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ በማግሥቱ ወደ ቤቱ ይገባል። ባትሪዋ እስከ አሥር ዓመት ገደማ ስለሚያገለግል ለሰባ አምስት ዓመት ሰው አንዷ ልትበቃው ትችላለች።

የዚህችን መሣሪያ አጀማመር ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1958 በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ሆስፒታል አርነ ላርሰን የሚባል የ43 ዓመት ሰው በየቀኑ ደጋግሞ ራሱን እየሳተ ነበር። ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግና መሐንዲሱ ሩነ ኤልምክቪስት በሰው አካል ውስጥ የሚቀመጥ መሣሪያ ገና በሙከራ ላይ ነበር ያላቸው። የሰውየው ሚስት ኤልሰ-ማሪ ግን አልተመለሰችም፤ እየተመላለሰች ወተወተቻቸው፣ ሠርታችሁ ስጡት አለቻቸው። ሠሩለት። የመጀመሪያዋ መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ቆመች፤ ሌላ ተተካ። ላርሰን ከዚያ በኋላ ከሃያ የሚበልጡ መሣሪያዎችን እየቀያየረ ኖረና እ.ኤ.አ. በ2001 በ86 ዓመቱ በካንሰር ሞተ፤ ሐኪሙም መሐንዲሱም ቀድመውት አልፈው ነበር። የልቡ መስመር እንደተቋረጠ ከ40 ዓመት በላይ ኖረ።

ዛሬ ከስድሳ ዓመት በላይ ያገለገለች መሣሪያ በእኛ አገር በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ቅንጦት ትታያለች። መሣሪያዋም፣ ወደ ልብ የሚገባው ሽቦም በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ናቸው፤ የሚተክሏት የልብ ሐኪሞችም ጥቂት ናቸው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የልብ ሐኪሞች ያሉበት ሀርት አታክ ኢትዮጵያን የመሰሉ በጎ አድራጊዎች በዘመቻ እየመጡ የተዘጋ የደም ሥር ሲከፍቱና ፔስሜከር ሲተክሉ ቆይተዋል። ዘመቻ ግን ቀን አለው፤ የቆመ ልብ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። ሌላም መንገድ አለ። በሀብታሞቹ አገሮች ባለቤታቸው በሌላ ምክንያት ሲሞት ብዙ ዓመት የሚሠራ ባትሪ እያላቸው የሚወጡ ፔስሜከሮች አሉ። የሞንትሪያል ሐኪሞች እነዚህን አጽድተውና አምክነው በላቲን አሜሪካና በካሪቢያን አገሮች ለሚገኙ ችግረኞች ልከው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትመዋል። ከ1,000 በላይ የሆኑትን እነዚህን ሰዎች አዲስ መሣሪያ ከተተከለላቸው ጋር ሲያነጻጽሩ በሁለት ዓመት ውስጥ የታየው የኢንፌክሽን መጠን 2 በመቶና 1.2 በመቶ ነበር፤ በስታቲስቲክስ ስሌት ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። ለሰው የሚሰጥ ነገር ነውና የእኛ ተቆጣጣሪዎች በጥንቃቄ ማየታቸው ትክክል ነው። ግን ይዩት፤ በይፋ ይመርምሩትና ይወስኑበት።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል፦ ሕፃናት ወረፋ እየጠበቁ እያለቁ ለአዛውንት ገንዘብ ማፍሰስ ፍትሐዊ ነው ወይ? ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቁጣ የሚመለስም አይደለም። ሆኖም ሁለቱ የሚሻሙት ሁልጊዜ አንድ ነገር አይደለም። ልጁ የሚፈልገው የተከፈተ ደረት፣ የልብና የሳንባ ተተኪ ማሽን፣ የቀዶ ሕክምና ቡድን፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ነው። ፔስሜከር የሚጠብቁት አያት ከዚህ ሁሉ አብዛኛውን አይፈልጉም። ደግሞም በብዙ ቤት አያት የሚያሳድጉት ልጅ አለ። እናቱ ቤይሩት ወይም ጅዳ ናት፤ እሷ ገንዘብ ትልካለች፣ አያት ልጁን አብልተው ትምህርት ቤት ያደርሱታል። እኚህ ሴት ሲወድቁ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

የቫልቩ ጉዳይ ግን ከዚህ የከበደ ነው። ወደ ሰውነት ደም የሚያስወጣው ቫልቭ ክፉኛ ጠቦ ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ከጀመረ ጊዜው አጭር ነው። አሜሪካውያኑ ጆን ሮስና ዩጂን ብራውንዋልድ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳዩት፣ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ያልታከሙ ሰዎች አማካይ ቀሪ ዕድሜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ነው። የተጋገረውን የሚያሟሟ ኪኒን የለም፤ መቀየር ብቻ ነው። ድሮ ደረት መክፈት ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳዊው አለን ክሪቢየ በሩዋን ከተማ አዲሱን ቫልቭ በብሽሽት የደም ሥር አስገብተው ልብ ውስጥ ሲተክሉ፣ ለቀዶ ሕክምና አቅም ለሌላቸው አዛውንት አዲስ በር ተከፈተ። የበሩ ዋጋ ግን የሚያስደነግጥ ነው፤ በአሜሪካ ቫልቩ ብቻውን 30,000 ዶላር ገደማ ያወጣል።

ለእኛ ቤተሰብ መንገዱ የታወቀ ነው። ሕክምናው «ከአገር አቅም በላይ ነው» ይባላል፤ የሐኪሞች ቦርድ ወረቀት ይጻፋል፤ ወረቀቱ ተይዞ የውጭ ምንዛሪ ፍለጋ ወደ ባንክ ይኬዳል፤ ከዚያ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ። ደረት ተከፍቶ በሚደረገው ቀዶ ሕክምና እንኳ ጠቅላላ ወጪው 10,000 ዶላር ነው እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ ዋጋ 570,000 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ሕክምና ከ1,000,000 ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። ጡረተኛው በበኩሉ ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት ቢያገለግል እንኳ ጡረታው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 70 በመቶ አይበልጥም። ያም ደመወዝ የድሮ ደመወዝ ነው። በዚህ ስሌት መምህር ወይም ነርስ ሆኖ የኖረ ሰው የራሱን ልብ በራሱ ገንዘብ ሊያሳክም አይችልም። ይህ የእሱ ጥፋት እንዳልሆነ በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ ብዙ አባቶች እንደ ኀፍረት ይዘውት ይሞታሉና።

ውጭ ሄደው ከሚታከሙትም መካከል በቂ ጥያቄ ሳይጠይቁ የሚሄዱ አሉ። ለምሳሌ የብረት ቫልቭ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ያስውጣል፤ መጠኑም በየጊዜው በደም ምርመራ ካልተስተካከለ ወይ ደም ይረጋል ወይ ይፈሳል። ከእንስሳ ሕዋስ የተሠራው ቫልቭ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ያገለግላል፤ የዕድሜ ልክ ማቅጠኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ለዚህ ነው ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆነ ሰዎች ሳይሆን ለሆኑ በአብዛኛው ሁለተኛው የሚመረጠው። ምርመራው በሚሰጥበት ከተማና በመኖሪያቸው መካከል የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ላለባቸው አባት ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ነው። ቫልቩ ከመገዛቱ በፊት ይጠየቅ።

ሕክምና አለ ማለት ደግሞ ሁሉም ይታከም ማለት አይደለም። ኩላሊታቸው የደከመ፣ አልጋ የያዙ፣ የሚያውቁትን ሰው መለየት ያቃታቸው አዛውንት በአውሮፕላን ተጭነው፣ ቋንቋ በማያውቁበት ክፍል ውስጥ የመጨረሻ ሳምንታቸውን እንዲያሳልፉ ማድረግ ፍቅር ቢሆንም በደል ይሆናል። ትንፋሻቸው እንዲቀል፣ እብጠታቸው እንዲጎድል፣ ሕመም ሳይሰማቸው በቤታቸው በልጆቻቸው መካከል እንዲሰነብቱ ማድረግ ራሱ ሕክምና ነው፤ ሐኪምና መድኃኒት ይፈልጋል፤ «ምንም አላደረግንላቸውም» የሚያሰኝ አይደለም። ሐኪሙን «ስንት ያስወጣል?» ከማለት በፊት «ይህ ቢደረግላቸው እንደገና ገበያ ይወርዳሉ? ባይደረግስ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱንም መጀመሪያ መስማት ያለባቸው እሳቸው ናቸው።

በዚህ ምክክር ውስጥ ድምፁ የሚጎላው ብዙ ጊዜ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው ልጅ ነው፤ ገንዘቡ ከእሱ ነዋ። በቅንነት ይናገራል፤ በሩቅ ያለ ሰው ጭንቀቱ ይበዛል። ሌሊት እየተነሣች ትራስ የምትደራርብላቸው፣ ስንት ደረጃ ወጥተው እንደሚቆሙ የምታውቀው ግን አብራቸው ያለችው ሴት ልጅ ናት። እሷ «አባዬ መሄድ አይፈልጉም» ስትል እንደ ስንፍና ይታይባታል፤ «ይሂዱ» ስትል የማታወጣውን ገንዘብ እንደምታዝዝ ይቆጠርባታል። የቤተሰብ ስብሰባ ሲደረግ ቅድሚያ እንድትናገር ቢደረግ ብዙ ስህተት ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ወጪ በፊት የነበረውን ርካሽ ነገርም ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች መካከል 16 በመቶ ያህሉ ከፍ ያለ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ አብዛኞቹም አይታከሙም ነበር። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የቆዩና ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ መድኃኒቶች ናቸው። ሰው ግን «ተሻለኝ» ብሎ ያቆማቸዋል፤ ወይም ጤና ጣቢያው «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ይለዋል፤ ወይም ጠበል ሲገባ ይተዋቸዋል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረው ነበር። ይኸው ትምህርት ለልብና ለግፊት ታማሚ በየጠበሉ ቦታ ቢነገር ብዙ ሰው ይተርፋል።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚወጣው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ ነው። በ2003 ዓ.ም በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል፤ ለገበሬውና በግሉ ለሚሠራው ትልቅ ነገር ነው። ዓመታዊ መዋጮው ግን የቤተሰቡን አቅም አይቶ የተተመነ ስለሆነ የቫልቭና የውጭ አገር ሕክምና ሊሸከም አይችልም። ለመንግሥት ሠራተኛውና ለጡረተኛው የታሰበው ማኅበራዊ የጤና መድን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ ሥራ ላይ መዋሉ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል። ሠራተኛው መዋጮውን እንደ ደመወዝ ቅነሳ አየው፤ የሚሰጠውን አገልግሎትም አላመነም። ያ ጥርጣሬ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን አዋጁ ሲወጣ በሥራ ላይ የነበሩት ብዙዎች ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ መድኑም የለም፤ ልባቸውም አርጅቷል።

በዚህ መካከል የቀረው መንገድ በአደባባይ መለመን ነው። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና፣ የታማሚው ፎቶ ያለበት ባነር፣ የቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት። ወገን ለወገን መድረሱ የሚያኮራ ነው፤ በዚህ የዳኑም አሉ። ነገር ግን ይህ መንገድ ለወጣትና ለሕፃን ያደላል፤ የሕፃን ፎቶ እጅ ያዘረጋል፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ፎቶ አያዘረጋም። አዛውንቶቹም ራሳቸው ፎቷቸው በመኪና ላይ ከሚዞር ሞትን ይመርጣሉ።

ስለዚህ ዓይኔ የሚያርፈው እድር ላይ ነው። ሁላችንም በየወሩ እንከፍላለን። ስንሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል። ሠላሳ ዓመት የከፈሉ አባት ታመው ሲተኙ ግን ከብዙ እድር የሚመጣላቸው ጠያቂ ብቻ ነው። ደንቡ አይፈቅድም ይባላል። ደንብ ይሻሻላል፤ ተሻሽሎም ያውቃል። በ1990ዎቹ ዓ.ም ኤድስ በየቤቱ ሲገባ፣ እድሮች ቀብር ብቻ እያስፈጸሙ መቀጠል እንደማይችሉ አይተው፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙዎቹ ደንባቸውን ለውጠው ታማሚ ወደ መርዳትና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መደገፍ ገብተዋል። ዛሬም ሕመምን የሚያግዙ እድሮች አሉ።

እድር ከ1,000,000 ብር በላይ የሚያስወጣውን የቫልቭ ሕክምና ይክፈል አልልም፤ በአንድ በሽተኛ ካዝናው ይራቆታል። ማድረግ የሚችለውን ያድርግ። ራሳቸውን ስተው የወደቁ አባል በዚያው ሳምንት ኢሲጂ እንዲነሡና በአልትራሳውንድ ልባቸው እንዲታይ ይክፈል። ሆስፒታል አልጋ ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቀውን ማስያዣ በብድር ይሸፍን፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚያች የመጀመሪያ ቀን ላይ ነው። ለአንድ ወረዳ እድሮች ኅብረት ደግሞ በዓመት ለጥቂት ፔስሜከሮች የሚሆን የጋራ ገንዘብ ማስቀመጥ ከአቅም በላይ አይመስለኝም። የተቀባዩን ተራ የሚወስነው የሕመሙ አስቸኳይነት ይሁን፤ ዕድሜ መለኪያ አይግባ። በጠቅላላ ጉባኤው ቀን የድንኳኑ እድሳትና የወንበሩ ግዢ ከመነሣቱ በፊት ይህ አንድ አጀንዳ ይቅረብ፤ ስለ እሱም መጀመሪያ አዛውንቶቹ ይናገሩ፤ መዋጮውን ረጅም ዘመን የከፈሉት እነሱ ናቸው።